አባቴ ያልመረጠባቸው ምርጫዎች

አባቴ በሕይወቱ ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም። እናቴ ደግሞ አንድም ምርጫ አልፏት አያውቅም። ሁለቱም ክርስቲያኖች ናቸው፤ ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ ሲጠየቁም ሁለቱም መልሳቸውን የሚያወጡት ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። እኔ አምቦ ውስጥ በሁለቱ መሀል ያደግሁ ብቸኛ ሴት ልጃቸው ነኝ። ወንድሞቼ ለሥራ ወጥተው በየአገሩ ሲቀሩ እኔ አስተማሪ ሆኜ እዚያው ከተማ፣ ከቤታቸው ብዙም ሳልርቅ ቀረሁ። ስለዚህ ከምጽፈው አብዛኛውን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ የቀረውን ከራሳቸው አፍ ሰምቻለሁ።

አባቴ ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥብና መርፌ የሚወጋ የጤና ባለሙያ፣ ነበር። ወጣት ሳለ ሸነን በምትባል ትንሽ ከተማ ተመድቦ ሲሠራ በአንድ ጭቃ ቤት ውስጥ ተሰብስበው የሚጸልዩ ጥቂት ወንድሞች አገኘ። ወደዚያ የሄደው ኦርቶዶክስ ሆኖ ነበር፤ የተመለሰው ጴንጤ ሆኖ ነው። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ ከወንድሞቹ መካከል ስለ እምነታቸው የታሰሩ ነበሩ። እነሱ ያስተማሩት አንድ ነገር እስከ ዛሬ ከልቡ አልወጣም፦ ለሚገዙህ ጸልይ፤ ግብርህን ክፈል፤ ሕግ አክብር፤ ማን ይግዛ የሚለውን ግን ለእግዚአብሔር ተው። አገርህ ሰማይ ነው፤ በእንግድነት ባረፍክበት ቤት ጌታ የምትሾም አንተ አይደለህም።

እናቴ አልተከተለችውም፤ ጥላውም አልሄደችም። ዘመዶቿ «ፍቺው» ሲሏት «እኔ ከፈታሁት ማን ይመልሰዋል?» ብላ መለሰች ይባላል። እሱ አልተመለሰም፤ እሷም ከጊዜ በኋላ መጠበቁን ተወችው። እሑድ እሑድ እሷ ነጠላዋን ለብሳ ገና ሳይነጋ ትወጣለች፤ እሱ ረፋድ ላይ ሱፉን ለብሶ ወደ ጸሎት ቤቱ ይሄዳል። ምሳ ላይ ይገናኛሉ። እኔ ልጅ ሳለሁ አንዱን እሑድ ከእሷ፣ አንዱን ከእሱ ጋር እሄድ ነበር፤ ካደግሁ በኋላ ወደ እናቴ ቤተ ክርስቲያን አደላሁ።

ምርጫ በመጣ ቁጥር የምሳ ሰዓት ይረዝማል።

«እስራኤላውያን ንጉሥ ስጠን ብለው ሳሙኤልን ሲያስቸግሩት እግዚአብሔር ምን አለ?» ይላል አባቴ። «አንተን አይደለም የናቁት፣ እኔን ነው አለ።»

«ቢሆንም ሰጣቸው» ትላለች እናቴ። «ከሳኦል በኋላስ ዳዊትን ማን አመጣው?»

«ዳዊትን የመረጠው እግዚአብሔር ነው። ሕዝብ ተሰልፎ አይደለም።»

«ሐዋርያትስ ዲያቆናቱን ሊሾሙ ሲሉ ሕዝቡን ምረጡ አላሉም?»

«እሱ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ነው፣ እናቷ።»

«እኔንስ ስታገባኝ? ዕጣ አውጥተህ ነው?»

እዚህ ላይ አባቴ ይስቃል፤ ክርክሩም ለጊዜው ያበቃል። እናቴ የራሷን ምክንያት የምትናገረው ለእኔ ብቻ ነበር። የንስሐ አባቷን አንድ ጊዜ ጠይቃቸው «ማንን እንደምትመርጪ አልነግርሽም፤ ጸልየሽ ሂጂ» ብለዋታል። «ማንን ትመርጪያለሽ ተብዬ ዝም ካልኩ በኋላ ማንን እወቅሳለሁ?» ትለኛለች።

በ2007ቱ ምርጫ አባቴ ጡረታ ወጥቶ ትንሽ መድኃኒት ቤት ከፍቶ ነበር። የከተማው ሰው «ዶክተር» ይለዋል፤ ከገጠር የሚመጡት ደግሞ በኦሮምኛ «ኦቦ ዶክተር»፣ አቶ ዶክተር እንደማለት። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አምቦ ላይ ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው የሞተው ሞቶ፣ የታሰረው ታስሮ ነበር። ሰው ሻይ ቤት ውስጥ እንኳ ግራ ቀኙን አይቶ የሚያወራበት ጊዜ ነው። የመራጭነት ካርድ አለማውጣት ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር አልነበረም።

መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤታችን ናት። በዚያን ጊዜ ሰፈሩ አንድ ለአምስት በሚባል አደረጃጀት ተከፋፍሎ ነበርና የእኛ ቤት በእሷ ሥር ነው። በሩ ላይ ቆማ «ዶክተር፣ ካርድ አላወጡም አሉኝ» አለችው።

«አላወጣሁም።»

«ካልተመቸዎት እኔ አብሬዎት ልሂድ?»

«ተመችቶኛል። አልመርጥም።»

«ማንን?»

«ማንንም።»

ተደናግጣ ሄደች። በሳምንቱ አባቴ ቀበሌ ተጠራ። ብቻውን እንዳይሄድ ብዬ ተከትዬው ሄድኩ። የጠራው ሰው የሚያውቀን ነው፤ የመጀመሪያ ልጁ የታመመ ጊዜ አባቴ ቤቱ ድረስ እየሄደ መርፌ ይወጋለት ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጠን።

«ዶክተር፣ ቅሬታ ካለዎት ይንገሩን።»

«ቅሬታ የለኝም።»

«ታዲያ ምን ሆነው ነው?»

«እምነቴ ነው።»

«የእርስዎ እምነት ሰዎች እኮ ብዙዎቹ ካርድ አውጥተዋል።»

«እነሱ ትክክል የመሰላቸውን አደረጉ። እኔ ለእናንተ በየቀኑ እጸልያለሁ። ድምፅ ግን ለእናንተም፣ ለተቃዋሚዎቻችሁም አልሰጥም።»

ሰውየው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እኔ አምንዎታለሁ እንበል» አለ ድምፁን ቀንሶ። «አምና ከሆነው በኋላ በዚህ ከተማ አልመርጥም ያለ ሰው ምን ተብሎ እንደሚወሰድ ግን ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። ያልሆንኩትን ግን ልሆን አልችልም።»

አላሰሩትም፤ አልሰደቡትም። ያን ዓመት የመድኃኒት ቤቱን ፈቃድ ለማሳደስ ከወትሮው ይልቅ ብዙ ተመላልሷል። ምክንያቱ ያ ይሁን ሌላ፣ ማረጋገጫ የለኝም፤ እሱም አንድ ቀን አንስቶት አያውቅም።

ምርጫው እሑድ ዋለ። እናቴ ከቅዳሴ መልስ ተሰልፋ መረጠች። እኔ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር መረጥኩ። አባቴ ጸሎት ቤት ውሎ መጣ። በማግሥቱ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ከእሱ ጋር ተቀምጬ ሳለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የራስ ምታት መድኃኒት ሊገዛ ገባ። ከፍሎ ሲያበቃ የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ያዘው።

«ሰምቻለሁ፣ ኦቦ። ጀግና ነዎት» አለው።

«ልጄ፣ አልተግባባንም» አለ አባቴ። «የምትፈልጓቸው ሰዎች ቢወዳደሩም አልመርጥም።»

ልጁ ፈገግ ብሎ በዓይኑ ጠቀሰው። «ገብቶኛል፣ ኦቦ። ገብቶኛል። ገለቶማ» ብሎ በኦሮምኛ አመስግኖት ወጣ።

አባቴ ቁጭ አለና «ቀበሌው ቢጠረጥረኝ ይሻለኝ ነበር» አለኝ። «ይኼ ልጅ ባልሠራሁት ሥራ አመሰገነኝ።» ያን ያህል ሲከፋ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። በአንዱ ዘንድ ጠላት፣ በሌላው ዘንድ ጀግና ሆኖ ሳለ ለራሱ ግን እምነቱን የጠበቀ ተራ ሰው ብቻ ነበር፤ ያንን የሚሰማው ሰው አጣ።

በቀጣዩ ዓመት ተቃውሞው ከጊንጪ ተነሥቶ መንገድ መንገዱን እኛ ዘንድ ሲደርስ ስለ ምርጫ የሚያወራ አልነበረም። አባቴ በዚያ ጊዜ የመጣለትን ቁስል ሁሉ ያጥብና ያሽግ ነበር። ቁስለኞቹን ከየት እንደመጡ አይጠይቃቸውም። ሰውም የትኛው ወገን ነው ማለቱን ለጊዜው ተወው።

ከ2007ቱ ምርጫ ስድስት ዓመት አለፈ፤ 2013 መጣ። አሁን ነገሩ ተገለበጠ። በእኛ አካባቢ ብዙ ሰው የሚከተላቸው ፓርቲዎች በምርጫው አልገቡም። ስለዚህ ቤት መቀመጥ እንደገና ትርጉም አገኘ፤ የወጣ የመንግሥት ደጋፊ፣ የቀረ የእነዚያ ደጋፊ ይባላል። አባቴ እንደ ልማዱ ሊቀር ነው፤ እንደገና ሌሎች ስም ሊያወጡለት ነው።

በዚያ ላይ ክርክሩ የገዛ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ገባ። ጉባኤው ትንሽ ነው፤ አባቴ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ አንድ ወጣት ወንጌላዊ ማገልገል ጀምሮ ነበርና በግንቦት አንድ እሑድ መድረክ ላይ ቆሞ ክርስቲያን መምረጥ አለበት ብሎ ሰበከ። ጨው አልጫ ከሆነ፣ መብራት ከእንቅብ በታች ከተቀመጠ፣ አገሩ በምን ይጣፍጣል፣ በምን ይታያል አለ። አዛውንቶቹ አጉረመረሙ፤ ወጣቶቹ አሜን አሉ። ወንጌላዊው ጨዋ ልጅ ነው፤ በማግሥቱ ራሱ አባቴ ዘንድ መጣ። እኔ ምሳ ላቀርብላቸው ስገባ ስወጣ ሰማኋቸው።

«አባባ፣ ቅር አሰኝቼዎት እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«ቅር አላለኝም። ከየት አመጣኸው ብዬ ግን ልጠይቅህ ነበር።»

«ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ሲጽፍ ለከተማይቱ ሰላም እሹ ብሏቸው የለ?»

«ብሏቸዋል። ጸልዩላትም ብሏል። የባቢሎንን ንጉሥ ምረጡ ግን አላላቸውም።»

«ባቢሎን ጠርታ ብትጠይቃቸውስ፣ አባባ?»

አባቴ ጉርሻውን እንደያዘ ሳቀ። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ። «አላሰብኩበትም።»

አሳቡን ግን አልለወጠም። ወንጌላዊው ሲሄድ አባቴ እስከ አጥሩ በር ሸኘው።

እኔ በዚያ ዓመት ምርጫ አስፈጻሚ ሆኜ ነበር። በሰፈራችን ትምህርት ቤት ውስጥ ባለው ጣቢያ ከሌሎች ጋር ተመደብኩ፤ ሥልጠና ወሰድን፤ የምሠራውም የመራጩን ካርድና መዝገቡን አስተያይቼ ጣቱን ቀለም መቀባት ነው። እናቴ ካርዷን ያወጣችው በእኔ ጣቢያ ነበር። ችግሩ ዓይኗ ነው። ሞራ ሁለቱንም ዓይኖቿን ሸፍኗቸው ሰውን በድምፁ ካልሆነ አትለይም። ነጻ የቀዶ ሕክምና ዘመቻ ሊመጣ ነው ሲባል ኮሮና ገባና ተቋረጠ።

የምርጫው ዋዜማ እሑድ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ሳሎን ተቀምጠን ሳለ እናቴ «ነገ ወረቀቱ ላይ አንቺ ታሳዪኛለሽ አይደል?» አለችኝ።

«አልችልም፣ እማዬ። አስፈጻሚ መራጭን አያግዝም። የምታምኚውን ሰው ይዘሽ መምጣት ትችያለሽ።»

«ማንን?»

የጎረቤታችንን ልጅ ስም ጠራሁላት።

«እሷማ» አለች እናቴ፣ «ለመንደሩ ሁሉ ታወራልኛለች።» የአንዲት ዘመዳችንን ስም አነሣሁ፤ እሷንም አልፈለገቻትም። ፊቷን አባቴ ወደተቀመጠበት አዞረች። «የማምነው ሰው እንኳ አለ» አለች። «እሱ ግን አይሄድም።»

አባቴ የሚያነበውን መጽሐፍ አልዘጋም። ቀና ሳይል እኔን ጠየቀኝ።

«የሚያግዘው ሰው ካርድ ያስፈልገዋል?»

«አያስፈልገውም።»

«ጣቱ ይቀባል?»

«አይቀባም። እሱ መራጭ አይደለም።»

«መራጭ አይደለም» ብሎ ደገመው፤ ለራሱ እንደሚያስረዳ። ከዚያ ወደ ንባቡ ተመለሰ። እናቴም አልለመነችውም። እኔ ስለ ነገው ሥራዬ እያሰብኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ እናቴ ትቀራለች ብዬ ነበር የተለየኋቸው።

ሰኞ ጠዋት ይካፋ ነበር። ክፍሉን ጥቁር ሰሌዳው እንዳለ ትተን ዴስኮቹን ወደ ጥግ ገፋን፤ ከካርቶን የተሠራውን መከለያ ጥግ ላይ አቆምን፤ ኮሮጆዎቹ ባዶ መሆናቸውን ለታዛቢዎቹ አሳይተን አሸግናቸው። ሰው አፍንጫውን በጭንብል ሸፍኖ ዣንጥላ ይዞ ተሰልፏል። ረፋድ ላይ በር ላይ ሹክሹክታ ሰማሁ። ቀና ስል አባቴ ገባ። ሱፉን ለብሷል፤ በአንድ እጁ ዣንጥላ፣ በሌላው የእናቴን ክንድ ይዟል። እጄ ላይ የነበረውን የቀለም ጠርሙስ አስቀመጥኩት።

«አካም ቡልተን፣ ዶክተር» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አለው ከባልደረቦቼ አንዱ፣ በግርምት። «ካርድዎን?»

«ካርድ የለኝም» አለ አባቴ። «የመጣሁት ለእሷ ዓይን ልሆን ነው።»

የጣቢያው ኃላፊ እናቴን «የመረጡት ሰው እሳቸው ናቸው?» ብሎ ጠየቃት።

«እሱ ነው። ሌላ ማን አለኝ?» አለች።

የአባቴ ስም የረዳት ሰው ተብሎ ተመዘገበ። ካርዷን አየሁ፤ አውራ ጣቷን ቀባሁ። እናቴ እኔ መሆኔን በእጄ አውቃ ጣቴን ጨመቀችኝ። ወረቀቶቹን ተቀብለው ከመከለያው ኋላ ገቡ።

አባቴ ማንበብ ጀመረ። ቃሉ አይሰማም፤ ድምፁ ግን ይሰማል፤ ለገበሬ መድኃኒት አወሳሰድ ሲያስረዳ የሚያወጣው ድምፅ ነው፣ ቀስ ያለ፣ ለማንም የማያደላ። ድንገት እናቴ «ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል!» አለች፤ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ጸጥ አለ። ጸጥታው ረዘም አለብኝ። ታዛቢዎቹ ሰዓታቸውን አዩ። ሲወጡ እናቴ ወረቀቶቹን አጣጥፋ ይዛለች፤ አባቴ እጇን ወደየኮሮጆው ቀዳዳ መራላት፤ እሷ ራሷ ጨመረቻቸው። ኮሮጆው ዘንድ እሱ ወረቀት አልነካም። እኔን በጭንቅላቱ ሰላም ብሎኝ ይዟት ወጣ።

ውጭ የተሰለፈው ሰው ያየው ሌላ ነገር ነበር። ዶክተር ሱፉን ለብሶ ከምርጫ ጣቢያ ወጣ፤ አለቀ። ሥራዬን ጨርሼ ሳልወጣ ወሬው ከተማውን ዞሯል። ቀበሌ የሚሠሩት ደስ አላቸው። መንገድ ላይ ድሮ ጀግና ያሉት ዓይነት ልጆች ሰላምታ ነፈጉት። አባቴ ለማንም አላስረዳም። እናቴ ግን ተናደደች፤ ያገኘችውን ሁሉ «እኔ ነኝ የመረጥኩት፣ እሱ ምን አገባው!» ትል ነበር።

ከባዱ ጸሎት ቤቱ ነው። በተከተለው እሑድ ከእሱ ጋር ሄድኩ፤ ብቻውን መሄዱ ከብዶኝ። ከአገልግሎቱ በኋላ አባቴ ፈቃድ ጠይቆ ተነሣ።

«ወሬ እንደሰማችሁ አውቃለሁ» አለ። «አልመረጥኩም። ባለቤቴ ዓይኗ አያይም። የነገረችኝ ቦታ ላይ ምልክት አደረግሁላት። የሆነው ይኸው ነው።»

ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት እኅት ነበሩ። ሸነን ከነበሩት ከመጀመሪያዎቹ አማኞች አንዷ ናቸው፤ አባቴ ከማንም በላይ ያከብራቸዋል። ሳይነሡ ጠየቁት።

«ምልክቱን ያደረገው እጅ የማነው?»

«የእኔ ነው» አለ።

«እንግዲያው እጅህ መርጧል።»

አባቴ «ሊሆን ይችላል፣ እናቴ። እኔ እንደዚያ አላየሁትም። ጉባኤው እስኪያየው ድረስ ግን ከማዕዱ አገልግሎት ልውጣ» አለ። የጌታን እራት የሚያድለው እሱ ነበር።

ያኔ ወጣቱ ወንጌላዊ ተነሣ። አሁን ድል ያደረገው እሱ ነውና አባቴን ለራሱ ወገን ይቆጥረዋል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን «እኔ መምረጥ አለብን ብዬ የሰበክሁ ሰው ነኝ» አለ። «አባባ መረጡ ቢባል ደስ የሚለኝ እኔን ነበር። ነገር ግን አልመረጡም። ድምፁ የወሰነችው የባለቤታቸው ነው። እሳቸው ከገዛ አሳባቸው ምንም አልጨመሩበትም። ሚስትን ማገዝ ደግሞ እምነታችን አልከለከለም።»

አሮጊቷ አልተስማሙም፤ አልተቃወሙምም። በሌላ ቀን በትራቸውን ይዘው እኛ ቤት መጡ። እናቴን ብቻዋን ሊያነጋግሯት ፈልገው ነበር፤ እናቴ ግን «ልጄ ትስማ» ብላ አስቀመጠችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሏት። «ሲያነብልሽ ድምፁ አንዱ ላይ ከፍ፣ አንዱ ላይ ዝቅ አላለም?»

«ጉሮሮውን እንኳ አልጠረገም፣ እማማ» አለች እናቴ።

አሮጊቷ «ይሁን» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያቀረብንላቸውን ሻይ ጠጥተው ሄዱ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሽማግሌዎቹ አባቴን ወደ አገልግሎቱ መለሱት። በዚያው ስብሰባ ሌላም ነገር ተስማሙ፤ ከእንግዲህ ምረጡም አትምረጡም ተብሎ ከመድረክ አይሰበክም፤ የሚመርጥ አይገሠጽም፣ የማይመርጥም አይገሠጽ። ባለመስማማት ጉባኤውን የለቀቁ ነበሩ። ወንጌላዊው ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ እንጭኒ ለማገልገል ተዛወረ፤ አምቦ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያርፈው አባቴ ዘንድ ነው።

ለእኔ ያልተመለሰልኝ ጥያቄ ነበር። ከመከለያው ኋላ የረዘመው ጸጥታ ምን ነበር? አንድ ከሰዓት ዝናብ ይዞኝ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ተጠለልኩ፤ ገበያተኛ የለም። ጠየቅሁት።

«እናትሽ የነገረችኝን ለማንም አልነግርም» አለ መጀመሪያ።

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

ባንኮኒው ላይ ያለውን አቧራ በመዳፉ ጠረገ። «የነገረችኝን ስሰማ እጄ ቆመ» አለኝ። «እኔ ብሆን ያንን አላደርግም ነበር። እንዲህ አስቤ አላውቅም። ለእኔ ሁሉም አንድ ናቸው፣ ለማንም አላደላም እያልኩ ነው ይህን ሁሉ ዘመን የኖርኩት። እዚያ ካርቶን ኋላ ቆሜ ግን ሆዴ ውስጥ የማደላለት ሰው እንዳለ አየሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ያለችኝን አደረግሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? አምናኝ ነው የወሰደችኝ።»

«ተቆጨህ?»

«አልተቆጨሁም። አፈርኩ እንጂ። ወንድሞቼ ፊት ድምፅ አልሰጠሁም አልኩ፤ እውነት ነው። ወገን የለኝም ማለቱን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ትቼዋለሁ። አልመርጥም ብቻ ነው የምለው።» ቀጥሎ ወደ በሩ አየና «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አለኝ። «ሌላ ጊዜ አታምነኝም።»

እኔ አልነገርኳትም። ራሴ ግን ብዙ አሰብኩበት። እኔ በ2007 የመረጥኩት ሁሉም ስለመረጠ ነው፤ በ2013 የመረጥኩት ጠዋት ሰልፉ ሳይበዛ፣ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። አባቴ ለአንድ ምልክት ያሰበውን ያህል እኔ ሁለቱንም ጊዜ አላሰብኩም። እሱ ትክክል ነው ብዬ አላምንም፤ ሰው ሁሉ እንደ እሱ ቢቀር ለከተማው የሚወስኑት የማያስቡለት ብቻ ይሆናሉ ብዬ ብዙ ጊዜ ተከራክሬዋለሁ። «ይህን ያህል ሰው እንደ እኔ አይቀርም፣ አትፍሪ» ይለኛል። መልስ ነው ብዬ አልቀበለውም፤ እሱም የመጨረሻ መልስ ነው አይልም።

እናቴ በኋላ ዘመቻው ሲመለስ ሁለቱንም ዓይኖቿን በተራ ተሠራች። ፋሻው በተነሣላት ጊዜ አባቴን አይታ «ይኼን ያህል አረጀህ እንዴ?» አለችው። አሁን መነጽር አድርጋ መዝሙረ ዳዊቷን ራሷ ታነባለች።

ሌላ ምርጫ እየቀረበ ነው። ባለፈው ምሳ ላይ ነገሩ እንደገና ተነሣ። እናቴ ካርዷን እንደምታወጣ፣ ዘንድሮ ብቻዋን እንደምትሄድ ነገረችን።

«አንተስ፣ አባቷ?» አለችው።

«እኔ እጸልያለሁ።»

«ለማን?»

«ለሁላችሁም። ለተሰለፈውም፣ ለቀረውም፣ ለሚያሸንፈውም።»

እናቴ ወጡን ወደ እሱ በኩል እየገፋች «ለእኔው ሰው ትንሽ ጨመር አድርግለት» አለችው።

አባቴ ዘንድሮም አልመርጥም አለ፤ ማንን እንደምትመርጥም አልጠየቃትም።